ስድስተኛው ቅጽ

ዘጠኝ ዓመት ጠብቀን፣ የካቲት ላይ ወጣ፤
የዊኒፔግ ውርጩ ጢም ላይ ጨው ሲያወጣ፣
ሱቁ ሳይከፈት ነው ሰልፉ የታጠፈው፣
ዳቦ ቤቱን አልፎ ባንኩን የታቀፈው።
አንዱ የዘንዶ ጅራት ካቦርቱ ላይ ሰፍቶ፣
ሌላው የቀንድ አክሊል ኮፍያው ላይ ደፍቶ፣
እኔም ከሌሊቱ ፈረቃዬ ወርጄ፣
የአውቶቡስ መለዮ እንዳጠለቅሁ ሄጄ፣
አርባ ሰባተኛው፣ ቆጠርኩት፣ እኔ ነኝ፤
ከፊቴ ኦረስት ዞር ብሎ አወቀኝ።

ኦረስት፣ የባቡር ጡረተኛ፣
ማክሰኞ ማክሰኞ የእኔ መንገደኛ፣
«ሁለት ስጪኝ» አለ፣ ጓንቱን በጥርስ ስቦ፤
ዋጋውን ዘረጋ ከነቀረጡ አስቦ።
ለምን ሁለት አላልኩም። በዚያ ብርድ ማን ይጠይቃል?
መጽሐፉን ያቀፈ ሰው ወደ ቤቱ ይዘልቃል።

ከዚያ በኋላማ ከተማው ነደደ፤
አንዱ ደራሲዋን እንደ እናቱ ወደደ፣
አንዱ «ዘጠኝ ዓመት ለዚህ ነው?» እያለ መጽሐፉን ወንበር ላይ ጥሎ ወረደ።
በማግሥቱ መጣ፤ «አላገኛችሁትም ወይ?» ሲል ድምፁ ራደ።

ዴልፊና፣ ነርሷ፣ ከሆስፒታል ስትመለስ፣
ገጽ ሁለት መቶ ላይ ጀመረች ማልቀስ፤
ሦስት ሰው ሶፍት አወጣላት፣
አንዲት አሮጊት እጇን ያዘችላት፣
«ማን ሞተብሽ?» ሲሏት «ኦልማር» ነው ያለቻቸው፤
ዘንዶ መሆኑን እኔም አልነገርኳቸው።

የኋላ ወንበር ላይ መንትዮቹ ተያያዙ፤
«ንግሥቲቱ ከድታለች!» «አልከዳችም፣ ቀለበቱ ነው መዘዙ!»
«ሦስተኛው ቅጽ ላይ ስትደብቀው አላየህም?»
«እሱ ሌላ ቀለበት ነው!» «አይደለም!» «ነው!» «አይደለም!»
እነሱም ፌርማታቸው አመለጣቸው፣
እኔም ጆሮዬን ሰጥቼ ሳላቆምላቸው።

ሚስተር ላቫሌ ደግሞ፣ የጂኦግራፊ መምህር፣
ካርታውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ሲመረምር፣
«ወንዙ በአራተኛው ወደ ደቡብ ነበር የሚፈሰው፤
አሁን ምን ነክቶት ነው ሽቅብ ወጥቶ ግንብ የሚያፈርሰው?»
ብሎ አፈጠጠብኝ፣ ወንዙን የገደብኩት እኔ ይመስል፣
የደፈነ መነጽሩን በሻርፑ ጫፍ ሲወለውል።

የኔዋ ትንግርት፣ አሥራ ሦስት ዓመቷ፣
ከኋላ ጀምራ ጨረሰችው፣ መቼም አይጣል ነው ፍጥነቷ፤
ሦስት ቀን ሙሉ እራት ላይ አየችኝ በሐዘኔታ፣
ሐኪም ያልነገረኝን ውጤት እሷ እንዳወቀች ሁሉ፣ ድንች እያላመጠች በዝምታ።

እኔ ግን ገጽ ዘጠና ላይ ነኝ።
የመስመሩ ጫፍ ላይ አራት ደቂቃ ነው ዕረፍት የሚሰጠኝ፤
በአራት ደቂቃ አንድ በር ይከፈታል፣ አንድ ሻማ ይበራል፣
ከዚያ ሰዓቱ ይሞላና ዘንዶው አፉን እንደከፈተ ያድራል።
ወሬያቸው ሲደርሰኝ ማሞቂያውን እስከ ጫፍ እከፍታለሁ፤
በጩኸቱ ውስጥ ግማሽ ሞት እሰማለሁ።

ማክሰኞ ኦረስት ገባ። ስለ መጽሐፉ ትንፍሽ አላለም።
«ጨረስከው?» «ገና ነኝ።» «አንተ? ሥራ እንኳ የለህም!»
«ከሃሊና ጋር ነው የምናነበው፤ ለየራሳችን አንድ አንድ ይዘን፤
ምዕራፍ ሲያልቅ ማንም አይገልጥም፣ ሌላው እስኪደርስ ታግሠን።
እሷ ቀስ ትላለች፤ እያንዳንዱን ስም ጮክ ብላ ነው የምትለው…»
«አሁን የት ደረሰች?» አልኩ። መስኮቱን በክርኑ ጠረገው።
«ከአምስተኛው ቅጽ በኋላ ነው የተለየችኝ። ግን ምዕራፍ ባለቀ ቁጥር
አሥር ደቂቃ እጠብቃለሁ። ልማድ ነው።» ወደ ውጭ ዞረ፣ የመብራት ምሰሶ ሊቆጥር።

የመስመሩ ጫፍ ስንደርስ አልወረደም።
መጽሐፌን ከወንበሬ ሥር አወጣሁ፤ እሱም የሱን፤ ማንም ማንንም አልቀደመም።
ከዚያ የገጹ ጠርዝ ላይ ጣቱን አሳርፎ ቆመ፤
በመስታወቱ ቀና ብሎ አየኝ፤ ጣቱ እዚያው ከረመ።
ሦስት አንቀጽ ቀርቶኛል። ስሞቹን ጮክ ብዬ አነበብኳቸው።
ሁለት ደቂቃ ዘገየሁ፤ ለተቆጣጣሪዎቹ «በረዶ ነው» አልኳቸው።